የጉብታው አሥራ አራት ሰዎች

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስር አለቃ ሱሩር፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔና እኅቴ ዘውዲ ደህና ነን። ደብዳቤህ የደረሰኝ ባለፈው ማክሰኞ ነው። ባለቤትህ ሰብሪናና ልጆቹ ጤና መሆናቸውን በማንበቤ ደስ ብሎኛል። ሱቁም ደንበኛ ማፍራቱን ጽፈሃል፤ ጥሩ ነው።

መገረምህ አግባብ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ኖሬ በድንገት ባዩ በየትኛው እጁ ይተኩስ እንደነበር ብጠይቅህ፣ አእምሮውን ስቷል ብትል አልቀየምም። ምክንያቱን ልንገርህ።

ከእስር ከተፈታሁ በኋላ መስቀል ፍላወር አጠገብ ባለ ጋራዥ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኛለሁ። መኪናውን እኛ ጋ የሚያሠራ አንድ ፈረንጅ ነበር። የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የጫማ ካርቶን ሰጠኝ። ውስጡ የጣት ቁመት ያላቸው የብረት ወታደሮች አሉበት። ገና አልተገጣጠሙም። ገላው ለብቻ፣ ራሱ ለብቻ፣ ክንዱ ለብቻ፣ ጠመንጃው ለብቻ ሆኖ በትናንሽ ፌስታል ታስሯል። የእሱ የትርፍ ጊዜ ሥራ ይህ ነበር። ሁለት ቅዳሜ አስቀምጦ አስተማረኝ፤ ሞረዶቹንና ወረንጦውንም ተወልኝ።

መጀመሪያ የያዝኩት ለጊዜ ማሳለፊያ ነው። አንዱን ገጣጥሜ ጠረጴዛ ላይ ሳቆመው ግን ሃምሳ አለቃ ገብረሃናን መሰለኝ። ፊቱ ሳይሆን አቋቋሙ ነው፤ ያች ግራ እግሩን ወደ ኋላ ሳብ የሚያደርጋት። ከዚያ ወዲህ በጦርነቱ ጉብታው ላይ ሞተው የቀሩትን አሥራ አራቱንም እንደየመልካቸው ለመሥራት አሰብኩ። ነገር ግን እኔ አዛዣቸው ነበርኩ እንጂ አብሬያቸው አልበላሁም፣ አልተኛሁም። የኔ ድንኳን ከታች ነበር። አሥራ አምስተኛው ሰው አንተ ነህ፤ በሕይወት የተረፍከውም አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍልኝ። ማን ኮፍያውን እንዴት እንደሚደፋ፣ ማን ዝናሩን በየትኛው ትከሻ እንደሚያንጠለጥል።

ሻምበል ወልደአረጋይ


ቡታጅራ፣ ኅዳር 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሻምበል ወልደአረጋይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። መልሱ የዘገየው የበርበሬ ወቅት ስለሆነ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሥራው ምን ጥቅም እንዳለው ብዙ አሰብኩ። አልገባኝም። ግን አዛዤ ነበሩና የጠየቁኝን እመልሳለሁ።

ባዩ ግራኝ ነው። መትረየሱንም በግራው ነበር የሚይዘው፤ ባዶ ቀለሃው እየተፈናጠረ ፊቱን ስለሚመታው ጉንጩ ላይ ሁልጊዜ የተቃጠለ ነጠብጣብ ነበረ። ገብረሃና ኮፍያ አያደርግም፣ ፎጣ ይጠመጥማል። ይርጋ ከሁላችን ያጥራል፤ ካፖርቱ ስለሚሰፋው እጅጌውን ሁለቴ አጥፎ ነበር የሚለብሰው። የሌሎቹን በተለየ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። የሁለቱን ግን ምንም ያህል ባስብ አልመጣልህ አለኝ። በዚህ አፍሬያለሁ።

የማስታውሰውን ሁሉ እንድጽፍ ጠይቀውኛል፤ ስለ መጨረሻው ቀን ግን አሁን አልጽፍም።

የይርጋ እናት ወይዘሮ ጀማነሽ ሰንጋ ተራ እንደሚኖሩ ያውቃሉ? በየዓመቱ በበርበሬ ነጋዴዎች እጅ መልእክት ይልኩብኛል። ልጃቸው እንዴት እንደቀረ ነው የሚጠይቁት። የምመልስላቸው ስለሌለኝ አንድ ቁና በርበሬ ልኬ ዝም እላለሁ። እሳቸውም በርበሬውን ተቀብለው በዓመቱ ያንኑ ይጠይቃሉ።

ሱሩር


ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድሜ ሱሩር፣

ወረቀትህ ብዙ ረድቶኛል። ሁለቱን ባለማስታወስህ አትፈር፤ እኔ የስድስቱን ስም እንኳ ከድሮ ማስታወሻ ደብተር ነው ያገኘሁት።

ሥራው አልገባኝም ብለሃልና እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽልህ። ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ቆርቆሮና እርሳስ ተደባልቆ የፈሰሰ ይመስለኛል። ሲፈስ በማፍሰሻ ቅርጹ ሁለት ግማሾች መካከል የሾለከ ስስ ጠርዝ ይቀርበታል፤ ከራስ እስከ እግር በጎኑ የተሰፋ ክር ይመስላል። ያን በቀጭን ሞረድ ማንሳት ነው የመጀመሪያው ሥራ። እጅ ከከበደ ጠርዙ ብቻ ሳይሆን የልብሱ እጥፋትም ይጠፋል። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ቅባቱ ካልለቀቀ ሙጫው አይዝም። ከደረቀ በኋላ ክንዱን በወረንጦ ይዞ ከትከሻው መግጠም ነው። ሙጫ ብቻውን ስለማይበረታ በክንዱም በትከሻውም የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ በስቼ ቁራጭ ሽቦ እሰካበታለሁ።

ባዩን ግራኝ ለማድረግ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሁሉም ቀኝ እጃቸውን እንዲጠቀሙ ተደርገው ነው የተሠሩት። የሁለት ሰው ክንድ ቆርጬ አቀያየርኩ። የይርጋንም ቁመት ከእግሩ ላይ ቀንሻለሁ።

ዘውዲ እራት እየቀረበ ጠረጴዛውን አልለቅም በማለቴ አኩርፋለች። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፤ የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ገዝቻለሁ።

ወይዘሮ ጀማነሽን አላውቃቸውም። ሰንጋ ተራ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጊዜ አላገኘሁም።

ወልደአረጋይ


ቡታጅራ፣ ጥር 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሻምበል፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አልጽፍም ያልኩትን ልጽፍ ነው። የይርጋን እግር ቆረጥኩ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። እርስዎ እነሱን በልፋት እየሠሩ እኔ እውነቱን ይዤ መቀመጤ ልክ መስሎ አልታየኝም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ገብረሃና የላከኝ ለሬዲዮው ባትሪ ነበር። ከማታው ጀምሮ ሞቶ ነበር፤ ከእናንተ ጋር የምንገናኝበት ምንም አልነበረንም። «ሮጠህ ውረድ፣ ይዘህ ና» አለኝ። ይርጋ ኮዳውን ሰጠኝ፣ በዚያውም ውሃ እንድሞላለት።

እኔ ግን አልሮጥኩም። ሦስት ቀን ዓይኔን አልከደንኩም፤ እግሬም ቆስሎ ነበር። ወንዙ ዳር ስደርስ ኮዳዎቹን ሞልቼ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ። ስነቃ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። እርስዎ ዘንድ የደረስኩት በስድስት ሰዓት ነው። ባትሪ እንደሌለ ነገሩኝ፤ ከቁስለኞቹ ጋር መኪና ላይ ውጣ አሉኝ። በስምንት ሰዓት ተኩሱን ከመኪናው ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ቀድሜ ብደርስ ኖሮ ባትሪ ከሌላ ቦታ ይፈለግ ነበር። ባይገኝም መንገዱ ገና ስላልተዘጋ ተመልሼ ወጥቼ ሌሎቹ ክፍሎች ቦታቸውን እየለቀቁ መሆኑን እነግራቸው ነበር። አሥራ አራት ሰው ያለቀው እኔ ስለተኛሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀን ተኝቼ አላውቅም። እኔ ስታመም እንኳ ቁጭ ብዬ እንደምውል ሰብሪና ታውቃለች፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ለወይዘሮ ጀማነሽም ያልመለስኩት ለዚህ ነው።

እርስዎ አዛዤ ነዎት። የሚሉኝን ይበሉኝ።

ሱሩር


ካዛንቺስ፣ ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድሜ ሱሩር፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ እንቅልፉ የጻፍከውንም አንብቤያለሁ።

ዘጠኙ ተጠናቀዋል። አሥረኛው ላይ የጠመንጃው አፈሙዝ ተሰበረብኝ፤ በመርፌ ልተካው እየሞከርኩ ነው። በጥምቀት ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሥራው ዘገየ። ጋራዡም ሥራ በዝቷል።

በዚህ ጉዳይ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ለጊዜው ራስህን አታስጨንቅ።

ወልደአረጋይ


ካዛንቺስ፣ የካቲት 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ሱሩር፣

«ራስህን አታስጨንቅ» ያልኩህን ጥለህ ይህን አንብብ። አንተ ከኔ የተሻልክ ሰው ስለሆንክ ቀድመህ ጻፍክ። እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ክንድና ጠመንጃ እያልኩ ስዞር የነበርኩት ይህን ላለመጻፍ ነው።

የማፈግፈጉ ትእዛዝ በሬዲዮ የደረሰኝ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ሁሉም ክፍል ቦታውን እየለቀቀ እንዲወጣ ይላል። የጉብታው ሬዲዮ ስለሞተ እነገብረሃና አልሰሙም። ከእኔ ጋር ቁስለኛ የጫኑ ሰባት መኪኖች ነበሩ፤ የሚያልፉበት መንገድ ደግሞ ከጉብታው ሥር ነው። ጉብታው ከተለቀቀ መኪኖቹ እንደማይወጡ አውቅ ነበር። የመጨረሻዎቹ ቁስለኞች ተጭነው እስኪያልቁ ጊዜ ያስፈልገኝ ነበር።

አንተ በስድስት ሰዓት ደረስክና ባትሪ ጠየቅከኝ። «የለም» አልኩህ። ነበረ። ሁለት አዲስ ባትሪ ከመኪናዬ መቀመጫ ሥር ነበር። በአራት ሰዓትም ብትደርስ፣ በአምስትም ብትደርስ የምመልስልህ ያንኑ ነበር። የተኛኸው አንድ ሰዓት ምንም አልለወጠም። ይህን ሦስት ጊዜ አንብበው።

ባትሪውን ልኬ «ትእዛዝ መጥቷል፣ እናንተ ግን ቆዩ» ልላቸው እችል ነበር። ወታደሮች ነበሩ፤ ምናልባት ይቆዩ ነበር። ግን ያን ለማለት የገብረሃናን ድምፅ መስማት ሊኖርብኝ ነው። ሳይሰሙ መቅረታቸው ቀለለኝ።

አንተን መልሼ ያልላክሁህ እግርህ ቆስሎ ስላየሁ፣ ስላዘንኩልህ ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እውነቱ ይህ አይደለም። ባዶ እጅህን ብትመለስ፣ ከታች የጓዝ መጫኑን አይተሃልና ትነግራቸው ነበር።

ከሰባቱ መኪና ሰባቱም ወጡ። ሰማንያ አንድ ቁስለኛ ነበር የጫኑት። ይህን የምጽፍልህ የሆነው ስለሆነ ነው፤ ሌላ ነገር እንድትልልኝ አይደለም።

ሰባት ዓመት ሙሉ በኔ ፈንታ ተሸክመኸዋል። መሸከምህን አላውቅም ነበር፤ ግን ጠይቄህም አላውቅም።

ወልደአረጋይ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሻምበል ወልደአረጋይ፣

በመጋቢት የላኩት ሁለተኛው ደብዳቤም ደርሶኛል። አልታመምኩም፤ አድራሻዬም አልተለወጠም።

የየካቲቱን ደብዳቤ ሱቁን ዘግቼ አነበብኩት። ከዚያ ለሰብሪና አነበብኩላት፤ ስለ እንቅልፉም ያን ጊዜ ነገርኳት። «እኚህ ሰውዬ ሰባት ዓመት የት ነበሩ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። 

ሁለት ወር ዝም ያልኩት ለመቅጣት አይደለም። ከላዬ ላይ አንድ ነገር ወረደልኝ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በእርስዎ ላይ እንዲህ ያለ ንዴት መጣብኝ፤ የትኛውን እንደምጽፍልዎ አላውቅም ነበር። አሁንም ሁለቱም አሉ። ስለ ቁስለኞቹ አስቤያለሁ። ከመካከላቸው የማውቃቸው አሉ፣ አንዱ እዚሁ ቡታጅራ ሚስት አግብቶ ይኖራል። በመንገድ ሳየው ምን እንደማስብ አላውቅም።

ግን ለእኔ መንገርዎ አይበቃም። ወይዘሮ ጀማነሽ ዘንድ ይሂዱ። ሰንጋ ተራ ሲደርሱ ወፍጮ ቤቱን አልፈው በስተቀኝ ባለው ጠባብ መንገድ ሦስተኛው በር ነው፤ አረንጓዴ ቆርቆሮ በር አለው። እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልሄዱ እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ግን ይሻላል።

ከብረት ወታደሮቹ ስንቶቹ ሳይሠሩ እንደቀሩ በመጋቢቱ ደብዳቤ የጻፉትን አይቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ሱሩር


ካዛንቺስ፣ ግንቦት 26 ቀን 1988 ዓ.ም.

ወንድሜ ሱሩር፣

ሄጃለሁ። የሄድኩት ትናንት እሑድ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሼ ተመልሻለሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ወርቅዬ የምትባል ልጃቸው ናት፣ የይርጋ ታናሽ። ወይዘሮ ጀማነሽ ምስር እየለቀሙ ነበር። የልጃቸው አዛዥ እንደነበርኩ ስነግራቸው ሰፌዱን አስቀምጠው ብድግ አሉ፤ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ፤ ወንበር በነጠላቸው ጠርገው ሰጡኝ።

ለአንተ እንደጻፍኩልህ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁስለኞቹን መጀመሪያ ላይ አላነሳሁም። ወርቅዬ ስለ ባትሪው ስደርስ ተነሥታ ወጣች። እናትየው ስጨርስ ልጃቸውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ድገመው» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ድገመው፣ እሷም ትስማ።»

ስገባ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ «አንተ» ሆንኩ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምን እንደሚቀጥል ሁላችንም እናውቅ ነበርና።

ከዚያ ባትሪዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም ነበር። ወንዙን ስንሻገር መኪናው እንዲቀል ከሌላው ዕቃ ጋር መጣላቸውን ነገርኳቸው። ወርቅዬ ፊቷን አዞረች። እናትየው ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ አንድ የጎደለ ነገር ያገኙ ይመስሉ ነበር።

ይርጋን በጥጥ ጠቅልዬ በክብሪት ቀፎ ይዤው ሄጄ ነበር። ከቀረበልኝ ሻይ አጠገብ አስቀመጥኩት። አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉትና ለረጅም ጊዜ አዩት። የታጠፈውን እጅጌ አዩ፤ ያሳጠርኩትንም እግር አዩ። ከዚያ ወደ ቀፎው መለሱትና ወደ እኔ ገፉት።

«ይሄ ያንተ ነው» አሉኝ። «እኔ የወለድኩትን ልጅ አንተ አታውቀውም።»

ለመሄድ ስነሣ አስቆሙኝ። በዚያው ቀን ልጆቻቸውን ካጡት መካከል አምስት እናቶች እዚህ አሉ፤ የልጆቻቸውን ወሬ ሊጠይቁ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሲመላለሱ ነው የተዋወቁት። ወር በገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ሰኔ 15 ቅዳሜ ይውላል። በሦስት ሰዓት እንድመጣ አዘዙኝ። ሌሎቹንም ሠርቼ እንደጨረስኩ፣ ለየእናቶቻቸው ይዤ እንደምመጣ ስናገር አቋረጡኝ።

«አሻንጉሊቶቹን ቤትህ ተዋቸው» አሉ። «አንተ ና።»

ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ ተመለስኩ። እቤት ስደርስ ዘውዲ ጠረጴዛውን ለእራት እንድጠርግላት ጠየቀችኝ፣ ጠረግኩላት። የት ውዬ እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ለእሷም ነገርኳት። ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

እሄዳለሁ። አምስት እናቶች ፊት እንዴት እንደሚጀመር ግን አላውቅም።

ወልደአረጋይ


ቡታጅራ፣ ሰኔ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሻምበል ወልደአረጋይ፣

ሰላም ለእርስዎና ለወይዘሮ ዘውዲ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከወይዘሮ ጀማነሽም በነጋዴዎቹ እጅ መልእክት መጥቶልኛል። ዘንድሮ የጠየቁኝ ነገር የለም፤ መምጣትዎን ብቻ ነው የነገሩኝ።

ዓርብ ሰኔ 14 በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። እርስዎ ቤት አላድርም፣ ቅር እንዳይልዎ። የአጎቴ ልጅ መሐመድአሚን መርካቶ ቤት አለው፣ እዚያ ነው የማድረው። ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። አብረን እንገባለን።

ይህ ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት አይደለም። እሱን ገና አላወቅሁትም፤ ሳውቀው ደብቄዎት አልኖርም። የምመጣው እዚያ ስለነበርኩ ነው። እርስዎ የሚነግሯቸው ከታች የሆነውን ነው። እናቶቹ ግን ከላይ ስለነበረው ይጠይቃሉ፤ ልጆቹ በመጨረሻው ሳምንት ምን ይበሉ እንደነበር፣ በምን ይሳሳቁ እንደነበር። ያን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እንዳይጠፋብኝ ከትናንት ጀምሬ የእያንዳንዱን በወረቀት እየጻፍኩ ነው። ያን ጊዜ አልመጣልህ ያሉኝ ሁለቱም መጥተውልኛል፤ አንደኛው እያፏጨ ነበር ጫማውን የሚያሥረው።

እንዴት ይጀመራል ላሉት፣ ከሦስት ሰዓቱ ትእዛዝ ይጀምሩ። ለእኔ የጻፉልኝ ቅደም ተከተል ጥሩ ነው። ሲያቅትዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ አልገባበትም፤ ራስዎ እስኪቀጥሉ እጠብቃለሁ።

ወይዘሮ ጀማነሽ እንደላኩብኝ ከእናቶቹ የአንደኛዋ ጆሮ ከብዷል። እሳቸው በስተግራዎ በኩል ይቀመጣሉ። ሲናገሩ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።

ሱሩር